ገበያና ግብይት በበይነ መረብ፤ የአነስተኛ ንግድ ማስታወቂያ ቃላት አሰያየም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ መፈተኛነት

መግቢያ

አንድ ገበሬ ማር ይዞ ገበያ ሲወጣ ገዢው ማሩን በዓይኑ ያያል፤ በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፤ የሻጩንም ፊት ተመልክቶ ዋጋ ይቆርጣል። በዚህ ዓይነቱ ግብይት ቃል የሚኖረው ድርሻ ከዓይንና ከምላስ ያነሰ ነው። ሻጩ ማሩን ቢያሞጋግስም ባያሞጋግስም፣ ፍርዱን የሚሰጠው ራሱ ማሩ ነው። ይኸው ማር በበይነ መረብ አማካይነት ለሩቅ ገዢ ሲቀርብ ግን ነገሩ ይለወጣል። ገዢው የሚያገኘው አንድ ፎቶግራፍና ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ቃሉ የዓይንንም የምላስንም ሥራ ደርቦ ይሠራል ማለት ነው። ስለሆነም ቃሉ የተሳሳተ፣ የተድበሰበሰ ወይም ሻጭና ገዢ በተለያየ መንገድ የሚረዱት ከሆነ፣ ጉዳቱ የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የኑሮም ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አዲስ የንግድ ሥራ በአማርኛ ለመግለጽ በአሁኑ ጊዜ የሚሠራባቸውን ቃላት መመርመርና ለተርጓሚዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን ስያሜዎች ማቅረብ ነው። ለመፈተኛነት የወሰድነው በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአንድ ስያሜ ብቃት የሚለካው አዲስ አበባ ባለው የትርጉም ክፍል ውስጥ ባለው ተቀባይነት ብቻ አይደለም። ከጉና ተራራ ግርጌ ድንችና ገብስ የሚሸጠው፣ ከዚያም ወርዶ በቆላው በኩል ማርና ጤፍ የሚያቀርበው ነጋዴ ሲሰማው የሚረዳው መሆን አለበት። ጥያቄያችን እንግዲህ አንድ ነው፤ ቃሉን ሻጩና ሩቅ ያለው ገዢ በአንድ ዓይነት ፍች ይረዱታልን?

1. ጉዳዩ ለምን አሁን ተነሣ?

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሰንጠረዥ፣ ማለትም በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ በእጅ ስልክ አማርኛ መጻፍ ተራ ነገር ሆነ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ክፍያውም በስልክ መፈጸም ቻለ። ስለዚህ ዛሬ አንድ አነስተኛ ነጋዴ ሱቅ ሳይከራይ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ዕቃውን ለመሸጥ የሚያስፈልገው አንድ ስልክና የሚጻፍ ቃል ነው። ስልኩ ተገኝቷል፤ የቃሉ ጉዳይ ግን ገና አልተደላደለም።

ነባሮቹ መዝገበ ቃላት፣ ለምሳሌ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. እና የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ሥራዎች፣ የተዘጋጁት ይህ ንግድ ከመታሰቡ በፊት ነው። የገበያን ነባር ቃላት ግን በሰፊው ይዘዋል። የእኛ ሥራ ስለዚህ ከባዶ መነሣት ሳይሆን፣ ካለው ሀብት የሚስማማውን መምረጥ ነው። በአገራችን የስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተልም ይህንኑ ያዝዛል። በመጀመሪያ በአማርኛው፣ ቀጥሎ በግእዙ፣ ከዚያም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ይፈለጋል፤ ከዚህ ሁሉ ሲታጣ የውጭው ቃል ይወሰዳል።

2. «ማስታወቂያ»፤ አንድ ቃል፣ ብዙ ሸክም

«ማስታወቂያ» ከ«ዐወቀ» የመጣ፣ «አስታወቀ» ከሚለው ግሥ የተመሠረተ ስም ነው። መነሻ ፍቹ ሌላው እንዲያውቅ ማድረጊያ ማለት ነው። ይህ ሰፊ ፍች ቃሉን ለብዙ ሥራ አብቅቶታል። የጨረታ ማስታወቂያ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ፣ የሐዘን ማስታወቂያ እንላለን። ቀድሞ የነበረው የማስታወቂያ ሚኒስቴርም በዚሁ ቃል ይጠራ ነበር። የሳሙና ሙገሳም እንዲሁ ማስታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የማይመሳሰሉ ተግባራት በአንድ ስም ተጠቃለዋል። አንደኛው ማሳወቅ ነው፤ ሁለተኛው ገዢን ማግባባት ነው። በድሮው ሥርዓት እነዚህ በስም የተለያዩ ነበሩ። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ የሚነግረው ሰው ሥራ ማሳወቅ ነበር፤ ዕቃውን እያሞገሰ ገዢን የሚጠራው ግን ነጋዴው ራሱ ነው። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፣ አንባቢው የትኛው መረጃ የትኛው ሙገሳ መሆኑን መለየት ይቸግረዋል።

ልዩነቱ ሕጋዊ ክብደትም አለው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ኢንተርኔትን ከማስታወቂያ ማሰራጫ መንገዶች መካከል ይቆጥራል፤ አሳሳች የሆነ ማስታወቂያንም ይከለክላል። «ከሁሉ የሚበልጥ ማር» የሚል ሙገሳና «ስኳር ያልተቀላቀለበት ማር» የሚል መግለጫ በሚዛን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሻጭ ስሜት ነው፤ የሁለተኛው እውነተኛነት ግን ሊመረመር ይችላል። በመሆኑም ለተርጓሚዎች ሦስት ስያሜዎችን ለይቶ መጠቀም እንደሚበጅ እናምናለን። ለሽያጭ ሲባል የሚሰራጨው መልእክት «የንግድ ማስታወቂያ»፣ የዕቃውን ዓይነት፣ መጠን፣ ምንጭና ዋጋ የሚዘረዝረው ክፍል «የዕቃ መግለጫ»፣ አንባቢውን እንዲደውል ወይም እንዲያዝዝ የሚጋብዘው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ «የግዢ ጥሪ» ቢባሉ፣ እያንዳንዱ ሥራውን በስሙ ያውቃል።

3. «ግብይት» እና «ገበያ ማፈላለግ»

«ግብይት» ከ«ገበየ» የተገኘ ነው፤ መሸጥንና መግዛትን በአንድነት ይይዛል። በሕግ አማርኛ ቃሉ የተወሰነ ቦታ አግኝቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ሲል በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚፈጸመውን ውልና ልውውጥ ማለቱ ነው። ችግሩ የሚነሣው በሥልጠና ጽሑፎች ላይ «ማርኬቲንግ» የሚለው ሙያም «ግብይት» ተብሎ ሲተረጎም ነው። እንዲህ ከሆነ «የበይነ መረብ ግብይት ሥልጠና» የሚለውን የሚያነብ የእስቴ ነጋዴ፣ በስልክ ገንዘብ ስለ መቀበልና ስለ መክፈል የሚማር ይመስለዋል። የሥልጠናው ጉዳይ ግን ገዢን ስለ መፈለግና ስለ መሳብ ነው።

ለዚህኛው ፍች «ማሻሻጥ» የሚለውን ያቀረቡ አሉ። በአመሠራረቱ የሚያስነቅፈው ነገር የለም፤ «አሻሻጠ» ማለት ሌላው እንዲሸጥ ረዳ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ «አሻሻጭ» የሚለው ቃል በከተማ አነጋገር በመጠጥ ቤት ለምትሠራ ሴት ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ነጋዴውን በዚህ ስም መጥራት ያልታሰበ ቅሬታ ያስከትላል። «የገበያ ትስስር» የሚለው የመሥሪያ ቤቶች አባባልም በሌላ አካል የሚፈጠርን ግንኙነት ስለሚያመለክት፣ ነጋዴው ራሱ የሚሠራውን አይገልጽም። ስለዚህ «ገበያ ማፈላለግ» የሚለውን እንመርጣለን። ቃሉ ሕያው ነው፤ ማብራሪያ አይሻም፤ ሥራው ከሽያጩ የሚቀድም መሆኑንም ያሳያል። እንግዲህ ገዢ እስኪገኝ ያለው ሥራ «ገበያ ማፈላለግ»፣ ገዢው ከተገኘ በኋላ የሚፈጸመው «ግብይት» ይሆናል።

4. ብድር ቃል ሁልጊዜ መፍትሔ አለመሆኑ

«የተለመደውን የውጭ ቃል እንዳለ ብንወስደውስ?» የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። «ፎቶ»፣ «ኪሎ»፣ «ባንክ» ያለ ችግር ገብተዋል። ነገር ግን ብድሩ ወደ ፊደላችን ሲገባ ልዩነቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው «ኮፒራይቲንግ» ነው። ይህ ሙያ የማስታወቂያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። «ኮፒራይት» የሚባለው ደግሞ በሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብት ነው። በእንግሊዝኛው ሁለቱ በድምፅ ቢመሳሰሉም በአጻጻፍ ይለያያሉ፤ በእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ፈጽሞ ይጠፋል። በዚህ ላይ «ኮፒ» በአገራችን የታወቀው በሌላ ፍች ነው። በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ «ኮፒ» የሚል ጽሑፍ የተሰቀለበት ቤት ሰነድ የሚባዛበት ነው። እንግዲህ «ኮፒራይተር» የተባለ ሰው ሲመጣ ሰሚው አንድም ሰነድ አባዥ አንድም የመብት ጠበቃ ያደርገዋል። ስለዚህ ሥራው «የማስታወቂያ አጻጻፍ»፣ ባለሙያው «የማስታወቂያ ጸሐፊ» ቢባሉ ይበቃል።

ተናጋሪው ሕዝብ በራሱ መንገድ የሠራቸውን ስያሜዎች ማስተዋልም ይገባል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ጽሑፍ ማውጣትን ብዙ ሰው «ለጠፈ» ይለዋል፤ የተለጠፈውም «ልጥፍ» ሆኗል። ከግድግዳ ማስታወቂያ የተወሰደ፣ ምንም ሊቅ ያልወሰነው፣ ግን ትክክለኛ ስያሜ ነው። «ተከታይ» እና «ማጋራት» የሚሉትም እንደዚሁ ተደላድለዋል። የስያሜ ኮሚቴ ሥራ እንዲህ ያሉትን መመዝገብ እንጂ መተካት ሊሆን አይገባም።

5. ግእዙን ስንጠቀም

«በይነ መረብ»፣ «ድረ ገጽ»፣ «መካነ ድር» ከግእዝ በተገኘ ስልት የተመሠረቱ ናቸው። ከነዚህ ውስጥ «ድረ ገጽ» ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። በግእዝ ዘርፍና ባለቤት ሲናበቡ ባለቤቱ ይቀድማል። «ቤተ መጻሕፍት» የመጻሕፍት ቤት ነው። በዚህ ሕግ «ድረ ገጽ» የገጽ ድር ማለት ይሆናል እንጂ የድር ገጽ ማለት አይሆንም። ለአንዱ ነጠላ ገጽ የሚስማማው «ገጸ ድር» ነው። እኛ ግን የተለመደውን ለማፍረስ አንሻም። ብዙ ገጾች እንደ ድርና ማግ ተያይዘው የሚያስገኙትን ሙሉ ሥራ «ድረ ገጽ»፣ ከውስጡ አንዱን ለይተን ስንጠራ «ገጸ ድር» ብንል፣ ሰዋስውም ልማድም ይታረቃሉ።

«መካነ ድር» ለድረ ገጽ ተመሳሳይ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። በተለይ ለእስቴ ሰው «መካነ» ባዕድ አይደለም፤ የወረዳው ዋና ከተማ መካነ ኢየሱስ ነውና፣ ቃሉ ቦታ ማለት መሆኑን ከስሙ ያውቀዋል። ግእዝ ለሕዝቡ ሩቅ ነው የሚለው አስተያየት ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

6. የውርስ ትርጉም አደጋ

ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተወረሱ ትርጉሞች ሌላ ችግር ይፈጥራሉ። በሥልጠና ጽሑፎች ውስጥ «ዒላማ የሆኑ ደንበኞች» የሚል አባባል እየተዘወተረ ነው። ዒላማ የሚተኮስበት ነገር ነው። ገዢን በዚህ ስም መጥራት ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል፤ «ደንበኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ደንብ» ወጥቶ በሥርዓት የተገናኘን ሰው ሲያመለክት፣ ከዒላማ ጋር መጣመሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። «የታሰበ ገዢ» ቢባል ፍቹ ይሟላል። «የፍለጋ ሞተር» የሚለውም ሞተር የሌለውን ነገር ሞተር ያሰኛል። አማርኛ የመሣሪያ ስም የሚያወጣበት የታወቀ ስልት አለው፤ ከ«ከፈተ» «መክፈቻ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ፈለገ» «መፈለጊያ» ይወጣል። ገዢው የሚጽፈውም ቃል «መፈለጊያ ቃል» ይሆናል። «ማስፈንጠሪያ» የሚለው ለሩቅ ሰሚ መወርወርን ቢያሳስብም በጋዜጦች ስለ ተለመደ በጽሑፍ እንዲቀጥል፣ በቃል ትምህርት ግን ነጋዴው የሚያውቀው «ሊንክ» እንዲፈቀድ እንመክራለን።

7. ገበያው የያዛቸው ቃላት

ተርጓሚ ከውጭ ከመፈለጉ በፊት የገበያውን ቃላት ቢያዳምጥ ብዙ ያተርፋል። ሻጭ ለክቶ ከሰጠ በኋላ የሚጨምረው «ምርቃት» ነው። «መረቀ» በአንድ በኩል መባረክ፣ በሌላ በኩል መጨመር መሆኑ የቃሉን ውበት ያሳያል። «ቦነስ» እያሉ መጻፍ ስለዚህ አስፈላጊ አይደለም። ገዢው ሳይከፍል የሚሞክረው «ቅምሻ» ነው፤ ለማይበላ ዕቃ «ናሙና» ይሆናል። ለዋጋ መቀነስ «ቅናሽ»፣ ለማይከራከሩበት ዋጋ «ቁርጥ ዋጋ» አለን።

ከዚህ ጋር መታየት የሚገባው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው የተዘወተረ ልማድ ነው። ሻጩ ዋጋውን በይፋ አይጽፍም፤ ጠያቂው ለብቻው መልእክት እንዲልክ ያደርጋል። በአካል ገበያ ዋጋ የሚነገረው በሰው መካከል ነው፤ ሌላው ገዢ ሰምቶ ያመዛዝናል። በውስጥ መስመር ግን ያ ምስክርነት ይቀራል፤ ሩቅ ያለውም ገዢ መጠርጠር ይጀምራል። «ቁርጥ ዋጋ» ወይም «መነሻ ዋጋ» ብሎ በይፋ መጻፍ የቃላት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው።

8. አንባቢውን እንዴት እንጥራው?

የውጭ መመሪያዎች ሻጭ አንባቢውን በሁለተኛ መደብ፣ በነጠላ እንዲያናግር ይመክራሉ። በእንግሊዝኛ አንድ ተውላጠ ስም ለሁሉ ስለሚበቃ ምክሩ ቀላል ነው። በአማርኛ ግን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እናንተ»፣ «እርስዎ»፣ በጎንደር በኩል ደግሞ «አንቱ» አሉ። ወጣቱ ሻጭ «ግዛ» ቢል ሽማግሌውን ያስቀይማል፤ ሴቶችንም ይተዋል። መፍትሔው ተውላጠ ስሙን ትቶ ግሡን በአክብሮት መጻፍ ነው። «ይደውሉ»፣ «ይዘዙ»፣ «ይጠይቁ» የሚሉት ለ«እርስዎ»ም ለ«አንቱ»ም ይስማማሉ፤ ጾታም አይለዩም። ለወል ጥሪ «ኑ» የሚለው የገበያ ድምፅ በብዙ ቁጥር ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም።

9. የቦታ ስምና የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴውን የሚጎዳው ምናልባት የማይታየው ስሕተት ነው። ለኮምፒዩተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ቁጥራቸው 1200፣ 1210 እና 1280 ነው። አንድ መፈለጊያ ሞክሼዎችን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልታዘዘ በስተቀር በአንዱ የተጻፈውን በሌላው አያገኝም።

አሁን የአካባቢያችንን ስሞች እንመልከት። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ስሙን ያገኘው ከገበያው ቀን ነው። ነገር ግን «አርብ»፣ «ዐርብ»፣ «ዓርብ» ተብሎ ይጻፋል። የላይ ጋይንት ከተማ «ነፋስ መውጫ» ወይም «ንፋስ መውጫ» ይባላል። «ስማዳ» የሚል አለ፤ «ሲማዳ» የሚልም አለ። መካነ ኢየሱስም አንዳንዴ ተነጥሎ፣ አንዳንዴ ተያይዞ «መካነየሱስ» ሆኖ ይገኛል። አንባቢ ሁሉንም ይረዳል፤ መፈለጊያው ግን አይረዳም። ስለዚህ የስማዳን ማር የሚሻ የአዲስ አበባ ገዢ «ሲማዳ» ብሎ ቢፈልግ፣ «ስማዳ» ብሎ የጻፈው ነጋዴ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለ ሞክሼ ሆሄያት ለብዙ ዘመን የተደረገው ክርክር የምሁራን ብቻ ይመስል ነበር፤ ዛሬ የአንድ ኪሎ ማር ሽያጭ የሚወሰንበት ጉዳይ ሆኗል። አንድ ወጥ አጻጻፍ እስኪጸና ድረስ የዕቃ መግለጫ ጸሐፊ ዋናውን አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ፣ ሌሎቹን በመጨረሻ እንደ መፈለጊያ ቃል ቢያስቀምጥ ይጠቀማል።

10. ምሳሌ

እስካሁን የተባለውን በአንድ ምሳሌ እንፈትን። ጽሑፎቹም ዋጋውም ለማስረዳት ብቻ የተዘጋጁ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዓይነት ማስታወቂያ እንዲህ ያለ ነው፤

«ምርጥ ኦርጋኒክ ማር በታላቅ ዲስካውንት! ፈጥነህ እዘዝ! ዋጋ በውስጥ መስመር።»

ከዚህ ጽሑፍ ገዢው ማሩ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ተቆረጠ፣ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ይኸው ሲታረም፤

«የስማዳ ነጭ ማር፤ ከወገዳ። በኅዳር የተቆረጠ፣ ከሰፈፉ የተጣራ፣ ስኳር ያልተቀላቀለበት። አንድ ኪሎ 700 ብር፣ ቁርጥ ዋጋ፤ አምስት ኪሎ ለሚገዛ ግማሽ ኪሎ ምርቃት። ቀምሰው ካልወደዱት ይመልሱ። ለማዘዝ ይደውሉ። መፈለጊያ ቃላት፤ ስማዳ፣ ሲማዳ፣ ወገዳ፣ ነጭ ማር።»

ሁለተኛው ምንም ባዕድ ሙያ አልጠየቀም። የገበያው ሰው በቃሉ የሚናገረውን በጽሑፍ አሰፈረ እንጂ። መለኪያው ኪሎ የሆነውም በምክንያት ነው። ቁናና ቅል በየአካባቢው መጠናቸው ይለያያል፤ ሻጩ ቢያውቃቸውም ሩቅ ያለው ገዢ ሊገምታቸው አይችልም። ጽሑፉ አጭር በመሆኑም በስልክ አጭር መልእክት ሊላክ ወይም በቃል ሊነበብ ይችላል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ በበይነ መረብ ብቻ የሚሠራ ማስታወቂያ አብሮ ተቋርጧል።

11. የቀረቡ ስያሜዎች

ገበያ ማፈላለግ፦ ገዢን የመፈለግ፣ የማወቅና የመሳብ ሥራ።
ግብይት፦ የሽያጭና የግዢ አፈጻጸም።
የንግድ ማስታወቂያ፦ ለሽያጭ ሲባል የሚሰራጭ መልእክት።
የማስታወቂያ አጻጻፍ፦ የዚህን መልእክት ጽሑፍ የማዘጋጀት ሙያ።
የዕቃ መግለጫ፦ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ ምንጭና ዋጋ ዝርዝር።
የግዢ ጥሪ፦ አንባቢውን ለተግባር የሚጋብዝ ዓረፍተ ነገር።
የታሰበ ገዢ፦ ማስታወቂያው የተጻፈለት ሰው።
ድረ ገጽ፣ መካነ ድር፦ የተያያዙ ገጾች ጠቅላላ።
ገጸ ድር፦ ከድረ ገጽ አንዱ ገጽ።
መፈለጊያ፦ በበይነ መረብ ውስጥ ያለን ጽሑፍ ፈልጎ የሚያቀርብ መሣሪያ።
መፈለጊያ ቃል፦ ገዢው ዕቃ ለማግኘት የሚጽፈው ቃል።
ልጥፍ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣ ጽሑፍ ወይም ሥዕል።
ምርቃት፦ ከተከፈለበት በላይ በነጻ የሚጨመር።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ፍጻሜ ያገኙ አይደሉም፤ ሥራ ላይ ውለው መፈተን አለባቸው። ፈተናውም የሚጠናቀቀው በእኛ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። አንድ የሥልጠና ጽሑፍ ሲተረጎም ተርጓሚው ረቂቁን ለአንድ ነጋዴ አንብቦ፣ የተረዳውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረው ቢጠይቅ፣ ቃሉ ያደረሰውንና ያላደረሰውን ወዲያው ያውቃል። ነጋዴው ሳይረዳው «እሺ» ያለው ስያሜ ተቀባይነት አግኝቷል ብለን እንዳንታለል። በገበያ ቀን ገዢው ሲቀምስ የሚሰጠው ፍርድ በበይነ መረብ ለቃሉ ተላልፏልና፣ ቃሉም እንደ ማሩ ያልተበረዘ ሊሆን ይገባል። አንባቢዎቻችን በየአካባቢያቸው የሚሠራባቸውን የገበያ ቃላት ከነፍቻቸው ቢልኩልን በሚቀጥለው ዝርዝር ውስጥ እናካትታቸዋለን።